በርሜል ውስጥ ያሳደግኳቸው ዓሦች

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቲማቲሙን መድኃኒት ሲረጭ ሽታው በመስኮት ገባና ምላሴን መረረኝ። ያ ጉሮሮ የሚቧጥጥ የተባይ መድኃኒት ሽታ! መስኮቱን ደርግሜ ዘጋሁት። ሰውየው ምን አደረገኝ? ምንም። የድሮው ንዴቴ ግን ይህን ያህል ዓመት አልፎም አልበረደልኝም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ብዙም ሳይርቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ቀርቻለሁ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ያን ሰሞን መረቡ ባዶውን መመለስ አብዝቶ ነበር። በዚህ መሀል አንድ የግብርና ባለሙያ መጣና ዓሣና አትክልት አንድ ላይ የሚያድጉበትን ነገር ግቢያችን ውስጥ አቆመልን።

ላስረዳህ። ከታች ለዓሦቹ አንድ ትልቅ በርሜል አለ፤ ከላይ ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቁ፣ ጠጠር የተሞሉ በርሜሎች፤ እነሱ ላይ ሰላጣና ቆስጣ ይበቅላል። አንዲት ትንሽ ፓምፕ የዓሦቹን ውሃ ወደ ጠጠሩ ትገፋለች። ተክሉ ከዓሦቹ ኩስ ይመገባል፤ የተጣራው ውሃ ተመልሶ ወደ ዓሦቹ ይንጠባጠባል።

“ኧረ ጉድ! ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ በበርሜል?” ብሎ አባቴ ሳቀ። የሰፈሩ ሰውም ሳቀ።

እኔ ግን ወደድኳቸው። ሲመጡ የጣቴን አንጓ የማያህሉ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩቶች ነበሩ። ጠዋት ጥላዬን ሲያዩ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ይመጣሉ። መብራት ሲጠፋና የፓምፑ ድምፅ ቀጥ ሲል ሮጬ ጆግ አነሳለሁ፤ አየር እንዲያገኙ ውሃውን እየጨለፍኩ ከላይ እለቅባቸዋለሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። እናቴ ምሳዬን እዚያው እያመጣች “በርሜሉን አገባሽው እንዴ?” ትለኝ ነበር። ስድስት ወር ሲሞላቸው መዳፌን አከሉ።

ከዚያ የግብርና ቢሮው እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለ። በዋዜማው ከእናቴ ጋር ገበያ ውዬ ስመለስ ሽታው ከበር ተቀበለኝ። ባለሙያው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ሰላጣው ላይ ቆሟል። ከቅጠሉ ሥር ትንንሽ ተባዮች ነበሩ፤ እኔ በጣቴ ነበር የምለቅማቸው።

“ውሃው እኮ ወደ ዓሦቹ ይወርዳል!” ብዬ ጮኽኩ።

“ትንሽ ነው፣ አትጨነቂ። እንግዳ ተባይ የበላው ቅጠል አይቶ ምን ይላል? ደግሞ የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?”

ፓምፑን ነቀልኩት። ግን መድኃኒቱ ወደ ዓሦቹ ጠብ ጠብ ማለቱ ቀድሞኛል። ሌሊቱን ሙሉ በጆግ ብጨልፍላቸውም፣ ሲነጋ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈዋል፤ ነጭ በነጭ።

እንግዶቹ መጡ። ባለሙያው በርሜሉ ላይ ጎንበስ አለና ራሱን ነቀነቀ። “ልጅቷ ቀለብ አብዝታባቸው ነው። የግንዛቤ እጥረት አለ” አላቸው።

ግንዛቤ! አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ጨመደደኝ። “ዝም በይ። እንግዳ ፊት ነው።”

እንግዶቹ ሰላጣውን ፎቶ አነሱ። አንዷ እንግዳ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ “አይዞሽ፣ ወደፊት ትማሪያለሽ” አለችኝ። ከሁሉ ያቃጠለኝ የእሷ ደግነት ነው።

እንደሄዱ አባቴ ላይ ጮኽኩበት። “ሽታው አልሸተተህም?”

“ሸቶኛል።”

“ታዲያ እያወቅህ?”

“የማጥመጃ ፈቃዴ በነማን እጅ ነው? ከቢሮ ሰው ተጣልተን የት እንኖራለን? ሰብር አርጊ፣ ታገሺ ልጄ።”

እኔ ሰብር አልነበረኝም። ሰላጣውን ከነሥሩ እየነቀልኩ ከአጥር ውጭ ወረወርኩት። አባቴን እስከ ረመዳን አላናገርኩትም። ባለሙያውን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ፈገግ ብሎ “እንዴት ነው፣ አትክልቱ በረታ?” አለኝ። ወላሂ፣ ድንጋይ አለማንሳቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ዓሦቹ ከሞቱ ከጥቂት ቀን በኋላ አባቴ ከሐይቁ ሲመለስ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ጥቂት ሕያው ቆሮሶዎች ይዞ መጣ። ጓሮ ካለው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ለቀቃቸው። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ጎሕ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ግን በመስኮት አየው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ውሃውን እየጨለፈ ከላይ ይለቅባቸዋል። የክፍሌን በር ድምፅ ሲሰማ ውዱእ የሚያደርግ፣ ለሶላት የሚታጠብ ይመስላል።

በዓመቱ ሥራ አግኝቼ ደሴ ገባሁ። ውሃውን ስትጨልፍ አይቼሃለሁ አላልኩትም።

ሊሞት ሰሞን ልጠይቀው መጣሁ። “ያን ቀን እንግዶቹ ፊት ዝም ባላሰኝሽ ይሻል ነበር” አለኝ።

“አዎ፣ ይሻል ነበር” አልኩት።

ትራሱ ዝቅ ብሎበት ነበር። ቀና አድርጌ አስተካከልኩለት።