የአስተርጓሚዋ ፊት

እህቴ ግግም ናት። ልሰድባት ብዬ አይደለም፤ አብሬያት ስለምኖር ነው የማውቀው። አንድ ነገር ልክ ነው ብላ ከያዘች ወይ ፍንክች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ አጥብቢ ሲለኝ አጠባለሁ፣ አስፊ ሲለኝ አሰፋለሁ፣ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። እሷ ግን በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ሥራዋ አስተርጓሚነት ነው። ሌላው ሰው በአፉ የሚለውን መስማት ለተሳናቸው በእጇ ትነግራለች፤ እነሱ በእጃቸው የሚሉትን ደግሞ በአፏ ትናገርላቸዋለች።

ሙያው ከቤት ነው የጀመረው። እናታችን አትሰማም፤ ሁለታችንም አፍ የፈታነው በምልክት ነው። የእኔ እጅ ዶልዳማ ሆኖ ቀረ። እማዬ «ስታወሪኝ ኮልታፋ የማዋራ ይመስለኛል» እያለች ታሾፍብኛለች። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጸሎት ቤት ስትመላለስ፣ ለብዙ ዘመን የሰባኪውን አፍ ስታይ ቆይታ ነበር የምትመለሰው። እህቴ አድጋ ከመድረኩ ጎን ቆማ ማስተርጎም የጀመረች ቀን፣ እማዬ እቤት ገብታ ስብከቱን ከሀ እስከ ፐ መልሳ ነገረችን። ሰባኪው ራሱ እንዲያ የለፋበት አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ የፊተኛው ረድፍ የማይሰሙ ሰዎች መቀመጫ ሆነ፤ ከሌላ ሰፈር ሁሉ ይመጡ ጀመር። እህቴ ያን ቦታ ከምንም አብልጣ ትወዳለች። እምነቷም የእውነት ነው፣ ለታይታ አይደለም።

በሥራ ቀን ደግሞ ትምህርት ቤት ትውላለች። የምታስተረጉመው ከሚሰሙ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ለምትማር፣ ለማትሰማ ልጅ ነው። ልጅቷ በምልክት ስትጠራ ጉንጭን በጣት ጫን ማድረግ ነው፣ ስርጉድ አላትና፤ እኛም ስርጉዷ እንላታለን። የእንስሳት ሐኪም ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላ የተነሳች ናት፤ በባዮሎጂ የሚደርስባት የለም። እህቴ ከመምህሩ ጎን ትቆማለች። መምህሩ «እኔ» ሲል እሷም «እኔ» ትላለች፣ ሲስቅ ትስቃለች፣ ሲቆጣ ትቆጣለች። የራሷን አስተያየት እዚያ ውስጥ እንዳታስገባ ነው ሕጉ።

ታዲያ አንድ ቀን ዝግመተ ለውጥ መጣ። መምህሩ ሰውና ጦጣ ከአንድ የጥንት የዘር ግንድ እንደተለያዩ፣ ይህም ለመቁጠር የሚያስቸግር ዘመን እንደወሰደ ያስረዳል። እህቴ ሰው በእግዚአብሔር እጅ ከአፈር ተሠራ ብላ ነው የምታምነው፤ ጥርጥር በደጇ አልፎ አያውቅም። እጆቿ መምህሩ ያለውን ሁሉ አሉ፣ አንዲት ቃል አላጎደሉም። ፊቷ ግን የራሱን ነገር ሲናገር ዋለ። በምልክት ስታወሪ ፊትሽ እኛ ድምፅ እንደምንለው ነው፤ ሰው እየቀለደ ይሁን እያመረረ የሚታወቀው ከዚያ ነው። እህቴ ከንፈሯን አጣምማ፣ ዓይኗን ወደ ጣሪያ እየሰቀለች፣ ለሕፃን ተረት እንደምታወራ ሆና አስተረጎመችው። አላወቅኩም ነው የምትለው። አምናታለሁ፣ የገዛ ፊቱን የሚያይ ማን አለ?

ፈተና ሲመጣ ስርጉዷ «አንዳንድ ሰዎች ስለ ሰው አመጣጥ እንዲህ ያለ ቀልድ ያወራሉ፤ መምህራችንም አሹፈውበታል» ብላ ጻፈች። መምህሩ ወረቀቷን ይዞ መጣ።

«እኔ መቼ ነው ያሾፍኩት?» አላት።

«አሹፈዋል እንጂ» አለች ልጅቷ፣ «እንዲህ ሆነው ነበር ሲያስረዱ የነበረው።» ከንፈሯን አጣመመች፣ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቀለች። የእህቴን ፊት ቁርጥ አድርጋ ነው ያመጣችው። እህቴ ክው አለች። ይባስ ብሎ ይህንንም ለመምህሩ ማስተርጎም ያለባት እሷው ናት። አስተረጎመችው፤ ቀጥላም «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፣ በአፏም በእጇም።

ስርጉዷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ሌሎቹ የመምህሩን ትምህርት ተማሩ» አለቻት። «እኔ የእሳቸውን ትምህርት ከአንቺ እምነት ጋር ተቀላቅሎ ነው የተሰጠኝ። እምነትሽን ማወቅ ስፈልግ እጠይቅሻለሁ።» መምህሩ ትምህርቱን በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሊያስተምርላት፣ ፈተናውንም ደግሞ ሊሰጣት ተስማማ።

እህቴ የልቧን ለሰባኪው ልታማክር ሄደች። እኔ ብሆን ምን ቆርጦኝ! እሱ ደግሞ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ ጨረሰው። «እንደገና የምታስተረጉሚው ነገር የለም፤ ዝለይው» አላት። «ጆሮዋን የዘጋው አምላክ ከዚህ ዓይነቱ ወሬ ጠብቋታል። በአንቺ እጅ ነው እንዴ የሚገባባት?»

«ሌሎቹ ልጆች እኮ ይሰማሉ» አለች እህቴ።

«ለሌሎቹ እኔ አልጠየቅም። ያንን የተናገረ እጅ ግን በእኔ መድረክ ላይ የእግዚአብሔርን ቃል አይናገርም።»

ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ፤ ግን መላ ከመፈለግ ወደኋላ አልልም። «በቃ ታመሚ» አልኳት። «ጉንፋን ያዘኝ ብትዪ ማን ግንባርሽን ይዳስሳል? እሷም መጽሐፉን ታነባለች፣ አንቺም ቦታሽን አታጪም።»

«መምህሩን ሌሎቹ በጆሯቸው ሲሰሙ እሷ መጽሐፍ ታንብብ? አልታመምኩም እትዬ» አለች። 

ለእማዬ ስንነግራት በመጀመሪያ የተቆጣችው በጦጣው ነበር። «ጦጣ? እኔን?» ብላ ፊቷን ስታሳየን በሳቅ ልሞት ነበር። ከዚያ እህቴን «አንቺ ባታስተረጉሚላት ማን ይነግራታል?» ስትል ጠየቀቻት። ማንም፣ አለቻት እህቴ። እማዬም ልጅ ሆና ማዕድ ላይ ቤተሰቡ ሲስቅ «ምን አሉ?» ብላ ስትጠይቅ ሁልጊዜ «በኋላ እነግርሻለሁ» ይሏት እንደነበር አወራችን። «በኋላ እየተባልኩ ነው ያረጀሁት» አለች። «እኔ በዚህ የጦጣ ነገር አላምንም፣ ወደፊትም አላምንም። ለልጅቷ ግን ንገሪያት። ውሸት ከሆነ ውሸት ነው የምትለው ራሷ ናት።»  እህቴ ተነስታ ወደ ሥራ ክፍሌ ገባች።

ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መስታወት አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ፊት ቆማ የመምህሩን ፊት ስታጠና ከረመች። ሰውየው ደስ ሲለው ቅንድቡን እንዴት እንደሚያነሳ፣ ከባድ ነገር ሲናገር እንዴት ረጋ እንደሚል። ከንፈሯ ጠመም ባለ ቁጥር አቁማ እንደገና ትጀምራለች። አንዷ ደንበኛዬ ቀሚሷን ይዛ በር ላይ ቆማ «እህትሽ ደህና ናት?» አለችኝ። ደህና ናት፣ ፊቷን እያጠበበች ነው አልኳት።

አስተረጎመችው። ስርጉዷ ትምህርቱ መሐል በጥያቄ መምህሩን ወጥራ ያዘችው አሉ፤ ፈተናውንም እንደ ልማዷ ደፈነችው። ወሬው ጸሎት ቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

በእሑዱ ጉባኤ እህቴ እንደወትሮዋ ከመድረኩ ጎን ቆማለች፣ እማዬ ፊተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ እኔ ከኋላዋ። ሰባኪው ስብከቱን ሳይጀምር ወደ እህቴ ዞረ።

«ይህች ሴት» አለ፣ «በተቀደሰ ቦታ በሚያገለግል እጇ ክህደት አስተምራለች።»

የእህቴ እጆች ተነሱ። ይህች ሴት ስትል ወደ ራሷ ጠቆመች። ግንባሩን እንደቋጠረው ቋጠረች፣ ጣቱን እንደቀሰረው ቀሰረች። ምንም አላለዘበችም። እኔ ከኋላ ሆኜ ተይው፣ ይህን እንኳ ተይው እላለሁ በልቤ። ሰባኪው ግራ ገብቶት አንዴ ቆም አለ፤ እሷም እጇን አቆመች። ቀጠለ፤ ቀጠለች።

«ንስሐ ገብታ ዳግመኛ ይህን ላለማስተርጎም በፊታችሁ ቃል ትግባ። ካልሆነ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አትቆምም።»

እሱንም እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ከዚያ እጇን ወደ ደረቷ መልሳ፣ «አሁን የምናገረው እኔ ነኝ» አለች፣ በአፏም በእጇም። «አምላኬን አልካድኩም። ቃል ግን አልገባም። ልጅቷ ከሌሎቹ አታንስም።»

 እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ወደ ሰባኪው ዞራ እጇን ማንቀሳቀስ ስትጀምር እህቴ አፏን ከፈተች፤ እናታችን ያለችውን ለሚሰማው ሰው በአፏ መናገር የእሷ ሥራ ነዋ።

«እኔም እንደ እርስዎ ነው የማምነው» አለች እህቴ በእማዬ ፋንታ። «ሰውን እግዚአብሔር ፈጠረው። ይህንንም እዚህ ረድፍ ላይ ሆኜ የተማርኩት በዚህች ልጅ እጅ ነው። አሁን ደግሞ ስለ እሷ ያሉትን ክፉ ነገር ሁሉ በእሷው እጅ ሰማሁ። አንዱንም አልደበቀችኝም።» እህቴ ዓይኗን ከእማዬ እጅ ሳትነቅል ቀጠለች። «ልጄ ናት። እኮራባታለሁ። የሚያባርሯት ከሆነ እርስዎ የሚሉትን ሁሉ ሳትቀንስ የምትነግረንን ሰው ነው የሚያባርሩብን።»

ረድፉ ላይ የነበሩት አንድ በአንድ ተነሱ። ሰባኪው ማይክሮፎኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጨርሰዋል እናቴ?» አለ።

እህቴ በእጇ ለእማዬ ነገረቻት። እማዬ መለሰች።

«አልጨረስኩም» አለች እህቴ።