ያላቃጠልኳቸው አሥራ አንድ ሥዕሎች

ጂንካ ውስጥ የድሮ የቻይና ሥዕል የሚሰበስብ ሰው ቢፈለግ ከእኔ በቀር አይገኝም ነበር። ሌላው ቀርቶ እኔንም ግራ ይገባኛል።

ነገሩ የጀመረው ከአብዮቱ በኋላ አንዲት የውጭ አገር ነርስ ጓዟን ጠቅልላ ስትሄድ ነው። አያቷ ቻይና ኖሮ ያመጣቸው አሥራ ሁለት የወረቀት ሥዕሎች ነበሯት፤ ቻይናዎቹ በጥንት ዘመን ለፈረንጅ ገበያ እየሳሉ የሚሸጧቸው። የሻይን ነገር ከዘሩ እስከ መርከቡ ያሳያሉ፤ በየጥጋቸው ቁጥር አለ። ሴትዮዋ ለሚያውቋት ሁሉ አንዳንድ አደለች። ለእኔ፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ፣ አራተኛው ደረሰኝ፤ ሴቶች ቅጠል ሲለቅሙ። የጣታቸው ጥፍር ሳይቀር ተስሏል። በቃ፣ ተለከፍኩ።

ሌሎቹን ሳሳድድ ዓመታት አለፉ። አንዱን ቱርሚ፣ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ በሚስማር ተቸንክሮ አገኘሁትና በአዲስ ካላንደር ለወጥኩት። ባለሱቁ ያሞኘኝ መስሎት ለጎረቤቱ ሲስቅ ሰምቻለሁ። ካኮ ገበያ ደግሞ አንዲት ሴት ስድስተኛውን ትንባሆ ጠቅልላበት ነበር፤ እስከ ዛሬ ሲገለጥ ያስነጥሳል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ አደረስኩ። የቀረኝ መርከቡ ብቻ ነበር።

ታዲያ በዚያ ዘመን መንግሥት ከሞስኮ ጋር ተፋቅሮ ከፔኪንግ ጋር ተኳርፏል። «ሻይ እኮ ነው» ብትል ማን ይሰማሃል? ፍራሽ ሥር ደበቅኳቸው። እንዳይታጠፉብኝ እንደ አስከሬን ቀጥ ብዬ ነበር የምተኛው።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ አናጢው መጣ። ከጎፋ የመጣ፣ ጸሎት ቤቱ የታሸገበት ጴንጤ ነው። ለወትሮው ደጄን አይረግጥም።

«ጋሼ፣ የቻይና ሥዕል ይሰበስባሉ አሉ።»

በሩን ከኋላዬ ገርበብ አደረግኩ። «ማን አለ?»

«ሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«እንዲያው ሰው። ስንት አለዎት?»

ስንት አለዎት! ቁጥር የሚጠይቅ ጎረቤት ሪፖርት ጸሐፊ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«ነበሩኝ፤ አቃጥያቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ዛሬ ከሰዓት አመዱን ታያለህ» ብዬ ገና ያላቃጠልኩትን አቃጠልኩ ማለቴን ራሴ አጋለጥኩ። ደግነቱ አላስተዋለም። ከሰዓት ያረጀ ጋዜጣ አጥሩ ጥግ ከምሬ ለኮስኩና ጭሱ ያፈነኝ እያስመሰልኩ ሳልኩ። አናጢው በአጥሩ ቀዳዳ አየና ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ቆቡን አወለቀ። «ተዋናይም ነው ለካ!» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዬ በግማሽ አፍ ሆነ። መዶሻው ዝም ሲል እንኳ «አሁን ምን እያዳመጠ ነው?» እላለሁ።

ደርግ ወደቀ፤ ጸሎት ቤቱ ተከፈተ። አናጢው እሁድ ወደዚያው ጋበዘኝ፤ ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ ሄድኩ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ጣውላ መሃል ደብቆ ያቆየውን የመዝሙር መጽሐፍ አወጣ። ሽፋኑ ላይ መርከብ! ሰዎች የሻይ ሣጥን ተሸክመው ይወጡበታል። ጥጉ ላይ ቁጥር አሥራ ሁለት።

«ይሄን ከየት...?»

«ነርሷ ናት የሰጠችኝ። ያኔ የመጣሁት ለእርስዎ ልሰጥ ነበር፤ ስንት አለዎት ያልኩትም ስንት እንደጎደለዎት ለማወቅ ነው። አቃጠልኩ ሲሉኝ፣ አንዱ ብቻውን ምን ያደርጋል ብዬ መዝሙሬን ለበድኩበት።»

ስጠኝ እንዳልል ውሸቴ ሊወጣ ነው። ሦስት እሁድ ከኋላው ተቀምጬ በትከሻው አሻግሬ መርከቡ ላይ አፈጠጥኩ። «ጋሼ ሊያምኑ ነው» ብለው ምእመናኑ ጸለዩልኝ።

በአራተኛው ሳምንት አሥራ አንዱን በብብቴ ሸጉጬ ደጁን አንኳኳሁ። አንድ በአንድ አያቸው።

«ያ ሁሉ ጭስ ታዲያ ምን ነበር?»

«ጋዜጣ።»

ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም። «እኔን ነው እንዴ የፈሩት ጋሼ?»

 የመዝሙሩን ሽፋን ላጥልኝ የምልበት አፍ አልነበረኝም። አሥራ አንዱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ፤ ከአሥራ ሁለተኛው ጋር እዚያው ይደሩ።

በየሁለት ቀኑ ግን ብቅ እያልኩ እቆጥራቸዋለሁ። አናጢ አይታመንም።