ሁለት የተኛ፣ አንድ የቆመ

የወንድሜን የጀርባ ቦርሳ የከፈትኩት ባለፈው ኅዳር ነው። ብሩክ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ቦርሳው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ባለው ቤታችን ከበሩ ጀርባ እንደተንጠለጠለ ቆየ፤ እናቴም በሩን በከፈተች ቁጥር ቦርሳው ከግድግዳው እንዳይጋጭ በእጇ ደገፍ ታደርገው ነበር። ዚፑን ስስበው መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው፤ የደረቀ ቀይ አፈር፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ፣ ትንሽ ደግሞ የእሱ ላብ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ብቻ አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። የጓሯችን ሽታ ነበር፤ እኔ የዘጠኝ ዓመት፣ ብሩክ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ሳለን የነበረው ጓሯችን።

ከፎቃችን ጀርባ ወደ ቦይ የሚወርድ ጠባብ ቁልቁለት አለ። አከራያችን ቆሻሻ ከሚጣልበት ይሻላል ብለው ለአባታችን ፈቀዱለት። አባታችን ሳምንቱን ሙሉ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ እሁድ ግን ከቅዳሴ ይመለስና ነጠላውን አጣጥፎ፣ ክንዱ የተቀደደ የኳስ ማሊያ ለብሶ ገበሬ ይሆናል። ሱኩማ የሚሉትን ጎመን ይተክላል፣ ቦሎቄ ይዘራል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አፈሩ ተጠርጎ ቦይ እንዳይገባ በየመደቡ ጠርዝ ድንጋይ ይደረድራል። ድንጋዩን ከየሕንፃው ሥራ ሥር እየለቀምን በካሪዮላ የምናመጣው እኔና ብሩክ ነበርን፤ ሌሎች ልጆች ኳስ ሲጫወቱ፣ እኛ የካሪዮላው ጎማ እየጮኸ በመሃላቸው ስናልፍ፣ ያፈርኩት እፍረት እስከዛሬ ጆሮዬን ያሞቀዋል።

አደራደሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሁለት ድንጋይ ይተኛል፣ ሦስተኛው ይቆማል። እንደገና ሁለት ይተኛል፣ አንድ ይቆማል። የሚቆመው ረጅሙና ከባዱ ነው፤ ግማሹ መሬት ይገባል፣ ግማሹ ከሌሎቹ በላይ ብቅ ይላል። ጎረቤታችን ማማ ዋንጂሩ ከሦስተኛ ፎቅ ልብስ እያሰጣች «ባባ ብሩክ፣ ሱኩማ ነው ወይስ ወታደር የምትተክለው?» ትለዋለች፤ አባታችንም ይስቃል እንጂ አይመልስላትም።

የሚቆመውን ድንጋይ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። አንዱ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ተንበርክኮ ከሥሩ ጠጠር ይጠቀጥቃል። የምይዘው እኔ፣ የሚጠቀጥቀው ብሩክ ነበር።

«ልቀቅ!» ይለኛል ሲጨርስ።

«ይወድቃል።»

«አይወድቅም አልኩህ፤ ልቀቅ!»

«እግሬ ላይ ቢወድቅስ?»

«ሌላ እግር አለህ፣ አንተ ፈሪ!»

ድንጋዩ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። እኔም አንድም ቀን በመጀመሪያው ጥሪ ለቅቄ አላውቅም።

ለምን እንዲህ እንደሚደረደር አባታችንን የጠየቀው ብሩክ ነው። «አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለው አባታችን። አባቱስ? «የእሱም አባት እንዲህ ስለሚያደርግ።» የእሱ አባትስ የት ነበር? አባታችን መኮትኮቱን ሳያቆም፣ የታክሲ ፌርማታ እንደሚያመለክት ሰው «ማርሳቢት ተራራ ላይ ነዋ» አለ። እኔና ብሩክ ተያየን። ማርሳቢት እኮ እዚሁ ኬንያ ነው! በየትምህርት ቤቱ የውጭ አገር ልጆች የምንባለው እኛ፣ በየዓመቱ የመኖሪያ ወረቀት ለማሳደስ የምንሰለፈው እኛ፣ ለካ ቅድመ አያታችን ገልገሎ ከቡርጂ በእግሩ ወርዶ፣ ሚስቱን፣ አንድ መቆፈሪያና አንድ ቅል የጤፍ ዘር ይዞ፣ ከብት አርቢዎች ብቻ በነበሩበት ተራራ ላይ ጫካ መንጥሮ አርሷል። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደ። ታላቁ የእኛ አያት ነው፤ ከአባቱ ተጣልቶ ወደ ሰሜን ሄደ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ ተመልሶም ቃል አልላከም። አባታችን ኋላ ለንግድ ናይሮቢ ቢመጣም ተራራውን አይቶት አያውቅም። «ሄጄ ምን ልበላቸው? ኮብልሎ የቀረው ልጅ ልጅ ነኝ ልበል?» አለ።

ይህ ነገር ለብሩክ ምን እንደሆነለት ለመረዳት ናይሮቢ ትምህርት ቤት መማር ያስፈልጋል። በታኅሣሥ ዕረፍት ከተማው ሁሉ ሻግስ ይሄዳል። ሻግስ ማለት የቤተሰብ መሬት ያለበት ገጠር ነው፤ አያት ያሉበት፣ ከብት ያለበት፣ ስትሞት የምትቀበርበት። በጥር ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ወፍረው፣ እግራቸው ተቧጭሮ፣ አፋቸው በወሬ ሞልቶ ይመለሳሉ። እኛ ግን ታኅሣሥን ሙሉ ካሳራኒ ነን። ኦቲየኖ የሚባል የብሩክ ክፍል ልጅ ነበር፤ ሻግስ ሄዶ ስላሳደደው አውራ ዶሮ አውርቶ ሲጨርስ ሁሌ ወደ ብሩክ ይዞርና «አንተስ? ሻግስ የለህም? ከሰማይ ነው የወረዳችሁት?» ይለው ነበር። የዚያን ዓመት ጥር ብሩክ ደረቱን ነፍቶ «የኛ ሻግስ ማርሳቢት ነው» አለ። ሳቁበት። ዝሆን እንኳ ከጓሯችን ያልፋል ብሎ ጨመረ፤ ይበልጥ ሳቁበት። እኔ በመስኮት በኩል እሰማ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ መሆኔን ዛሬ ስጽፈው ደስ አይለኝም።

ብሩክ ግን ያን ቀን የጀመረውን አልተወም። ፎርም ፎርን፣ የሁለተኛ ደረጃውን የመጨረሻ ክፍል፣ ጨርሶ ስልክ መጠገን ሲጀምር፣ ከማርሳቢት የመጣ ደንበኛ ከገጠመው ስልኩን ሳይነካ በፊት ሰውየውን ይጠይቀዋል፤ ገልገሎ የሚባል ገበሬ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ታላቁ የሄደ። ማታ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ዛሬ አንዱ ምን አለኝ መሰለህ!» ይላል። እኔ ትራሴን ፊቴ ላይ አደርጋለሁ። «ሻግሳችንን ካገኘሁ መጀመሪያ የማደርገው ለኦቲየኖ ፎቶ መላክ ነው» ይላል፤ ቢኖር ደግሞ ይልከው ነበር።

በሚያዝያ ሳንባው ታመመና በአራተኛው ቀን ሞተ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። ስልኩ በሚስጥር ቁጥር ተቆልፎ ቀረ። አባቴ ከዚያ በኋላ ወደ ጓሮው አልወረደም፤ ሱኩማው አብቦ ደረቀ።

በቦርሳው ውስጥ፣ ከብርቱካኑ ልጣጭ ሥር፣ አንድ ደብተር ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተሣለ የድንጋይ ረድፍ አለ፤ ሁለት የተኛ፣ አንድ የቆመ። ከሥሩ «በዚህ ይለያል» ይላል። ሌላ ምንም። ያቺን ገጽ ይዤ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ከኀዘን በሌላ ነገር መታ። ሰው ስም ይረሳል፣ ወረቀት ይጠፋል፣ ድንጋይ ግን ማን ያነሣዋል? ለእናቴ ብቻ ነግሬ በታኅሣሥ ከኢስሊ ወደ ማርሳቢት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አውቶቡሱ ሻግስ በሚሄዱ ሰዎች ጢም ብሎ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት እግራቸው ሥር አዲስ ድስት፣ ጭናቸው ላይ ኬክ ይዘዋል። «ልጄ፣ ሻግስ ነው የምትሄደው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። በሃያ ሦስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ! ፈገግታዬን መሰብሰብ አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከኢሲዮሎ በኋላ አገሩ ደረቀ፣ ሰፋ፣ ግመል በዛ፤ ከዚያ ከሜዳው መሃል ሰማያዊ ሆኖ ተራራው ብቅ አለ።

በማግሥቱ ጧት ተራራው ጉም ለብሶ ነበር። ደብተሩን ለአንድ የሞተር ሳይክል ነጂ አሳየሁት፤ ሳቀና «ድንጋይ ፍለጋ ማርሳቢት መምጣት፣ ውሃ ፍለጋ ሐይቅ እንደ መሄድ ነው» አለኝ። ሦስት እርሻ ወሰደኝ። በሦስቱም ጥቁር ድንጋይ ተደርድሯል፤ በሦስቱም ሁሉም ተኝቷል። ሻይ ለመጠጣት ገበያው ዳር ስንቀመጥ ግን ሻይ ሻጯ ሥዕሉን ከትከሻዬ በላይ አየችው። «ይሄማ የምዜ ዲዳ አጥር ነው» አለች። ምዜ እዚያ ሽማግሌ የሚከበርበት መጠሪያ ነው። «ሰው ሁሉ እየሳቀባቸው እስከዛሬ እንዲህ ነው የሚደረድሩት።»

ሻዬን አልጨረስኩም። ሞተሩ ኮረብታውን ወጥቶ በቁልቋል መሃል ሲታጠፍ አየሁት፤ ከታች እስከ ላይ፣ መደብ በመደብ፣ በጥቁር ድንጋይ፣ ሁለት የተኛ፣ አንድ የቆመ፣ ሁለት የተኛ፣ አንድ የቆመ፣ እስከ ጉሙ ድረስ። ሞተሩ ሳይቆም ዘለልኩ። «ብሩኬ! ብሩኬ፣ አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ተራራው ላይ ሄዶ ሲመለስ ነው ለማን እንደምጮህ ያወቅሁት።

ጩኸቱን ሰምተው ከበቆሎው መሃል አንድ ረጅም ሽማግሌ ወጡ። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ትንሽ አዩኝ፤ አስተያየታቸው የአባቴ ነበር። በስዋሂሊ ነው የተነጋገርነው።

«መጣችሁ» አሉ። «በታኅሣሥ እንመጣለን ብሎ ነበር፤ ይኸው ታኅሣሥ ነው።»

አልገባኝም። «ማን ነው ያለው?»

«ወንድምህ ነዋ! በመጋቢት ደወለልኝ። ታናሽ ወንድም አለኝ፣ ፈሪ ነው ግን ጠንካራ ነው፣ እስክንመጣ ለማንም አልነግርም፣ አብረን እንመጣለን አለ። በኋላ ስልኩ አልነሣ ሲለኝ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ተውኩት።» ወደ ሞተሩ ተመለከቱ፣ ወደ መንገዱም። «የታለ?»

ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና የቆመ ድንጋይ ላይ አኖሩት። ከዚያ የአባቴ የአጎት ልጅ መሆናቸውን፣ አባታቸው የገልገሎ ታናሹ ልጅ መሆኑን፣ ገልገሎ እስኪሞት ድረስ የታላቁን ልጅ ድርሻ ሳያርስ ማቆየቱን፣ እሳቸውም እስከዛሬ እንዳልነኩት ነገሩኝ። አያቴ ተጣልቶ ሄደ እንጂ ማንም አላባረረውም ነበር። አባቴ ምን ልበላቸው እያለ ዕድሜውን ያሳለፈው በከንቱ ነው።

ከዚያ እጄን ይዘው ወደ መጨረሻው መደብ ወሰዱኝ። በዝናብ የፈረሰ አንድ ክፍተት ነበር፤ ድንጋዮቹ ተለቅመው ከጎኑ ተከምረዋል። «ላጥረው ስል ወንድምህ ተውት አለኝ። እኛ መጥተን እንሠራዋለን፣ እኛ እናውቅበታለን አለ። በዚህ ምክንያት ፍየል ስንት ጊዜ ቦሎቄዬን በላ!»

ሁለቱን አስተኛሁ። ያ ቀላል ነው። ሦስተኛውን አንሥቼ ጉድጓዱ ውስጥ አቆምኩና እንደ ልማዴ በሁለት እጄ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤ ያዝኩትና ጠበቅሁ። ከሥር ምንም አይሰማም። ቁልቁል ሳይ ማንም የለም። ጠጠር መጠቅጠቅ እንደማልችል ያኔ ነው ያወቅሁት፤ በዚያ ሁሉ እሁድ አንድም ቀን ተንበርክኬ አላየሁትም፤ እሱ ስለሚያውቅ እኔ መያዝ ብቻ ነበር የተማርኩት።

ምዜ ዲዳ ጉልበታቸውን እያሻሹ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። የጠጠሩ ድምፅ ተሰማ፤ ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ።

«ልቀቀው» አሉኝ።

አልለቀቅሁም።

«አይወድቅም፣ ልጄ።»

ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ አንዱን እጄን አነሣሁ፣ ቀጥሎም ሌላውን። ድንጋዩ ቆመ። ፎቶ አነሣሁትና ለኦቲየኖ ላክሁለት፤ ለአባቴ ግን አልላክሁም፤ ደወልኩለትና ማሊያውን ይዞ እንዲመጣ፣ ድርሻው ሳይታረስ እየጠበቀው እንደሆነ፣ የሚይዝ ሰው እንጂ ተንበርክኮ የሚጠቀጥቅ ደህና ጉልበት እንደሌለን ነገርኩት።