በገላ ሳሙና የተደፈነ ሰልባትዮ

ሰቆጣ፣ ዓርብ ንጋት

የጥቅምት ብርድ ሰቆጣ ላይ አይጣል ነው። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ከአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ገብቻለሁ። ሾፌሩ ገብሬ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀልደኛ። የምንሄደው ጽጽቃ። በመካከላችን እትዬ ጥሩ ተቀምጠዋል፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ ታቅፈዋል።

«ክርስትና ላነሳ ነው» አሉኝ፣ ገና ከከተማው ሳንወጣ። «ልጅቱ ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው። ዓርብ ስለሆነ ቅዳሴው ስድስት ሰዓት ይገባል፤ የምትጠመቀው ከዚያ በፊት ነው።»

«ብንዘገይስ?»

«ሌላ ሴት ትቆማለች። ካህን ቆሞ አይጠብቅም።» ጨመሩ፦ «ለእኔ እግዜር ልጅ አልሰጠኝም። እናትየዋ ግን ይችን ያንቺም ትሁን አለችኝ።»

ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። እርከን በእርከን ላይ፣ ቁልቋል፣ ቢጫ የለበሰ የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ ደግሞ ድንጋይ። መንገዱም መንገድ ለመባል ብዙ ይቀረዋል።

ረፋድ፣ አንድ ቁልቁለት ላይ

ከሥራችን ድንጋይ ጓ አለ። ወዲያው የናፍጣ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ገብሬ አቁሞ መኪናው ሥር ገባ።

«ሰልባትዮው ተበሳ» አለ። ሾፌሮች የነዳጁን ታንክ የሚጠሩት እንዲህ ነው።

ቀዳዳው ምስር ቢያክል ነው፤ ናፍጣው ግን እንደ ክር ሳይቋረጥ አቧራው ላይ ይወርዳል። ገብሬ በአውራ ጣቱ ደፈነው። «እስከ ጽጽቃ ነዳጅ የሚገኝበት የለም። ይሄ ካለቀ እዚሁ ነን።»

እትዬ ጥሩ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ።

እኔ ኪሴ ውስጥ ማስቲካ ነበረኝና ጀግና የምሆንበት ቀን መጣ ብዬ ሦስቱን ባንድ ጊዜ አፌ ከተትኩ። አኝኬ ሰጠሁት፤ ለጠፈው፤ ቆመ። ጉዟችንን ቀጠልን። ድሮም እጄ የመካኒክ ነው እያልኩ ስጎርር ሽታው ተመልሶ መጣ። ወርደን ስናይ ማስቲካው እንደ ገንፎ ላልቷል።

«ናፍጣ እኮ ማስቲካ ይበላል» አለ ገብሬ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት። «ሳሙና ነበር የሚሻለው። ሳሙናን አይነካውም።»

የእሱን የመፍቻ ሳጥን፣ የእኔን ሻንጣ በረበርን። የለም። ዞር ስንል እትዬ ጥሩ ዘንቢላቸውን ፈተዋል። አዲስ ነጠላ፣ ለፀጉር የሚሆን ቅቤ፣ ወረቀቱ ላይ አበባ የተሳለበት የገላ ሳሙና። ለአራሷ የያዙት ነው።

«እትዬ፣ የስጦታ አይደል እንዴ?» አለ ገብሬ።

«ልጄ፣ እዚህ ሳሙና ታቅፌ ከምቀር ባዶ እጄን ብደርስ ይሻለኛል። ቶሎ በል።»

ሳሙናውን ላለሳልስ ብዬ የውሃ ጠርሙስ ሳነሳ ገብሬ ጮኸብኝ፤ ከረጠበ ይንሸራተታል። በደረቁ ነው የሚታሸው። እትዬ ጥሩ አቧራው ላይ ተንበርክከው እየፈረፈሩ በመዳፋቸው ያሻሉ፤ ድቡልቡሉን ለገብሬ ያቀብላሉ፤ እሱ ቀዳዳው ውስጥ ይጠቀጥቃል። በላዩ የጎማ ቁራጭ አድርጎ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ሦስታችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ጠብ የሚል የለም። እውነቱን ለመናገር፣ የሕንፃ ምረቃ ላይ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ገብሬ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ድንጋይ ይቅርታ እየጠየቀ ነዳ። ከእትዬ ጥሩ ጋር በኽምጣና፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አወሩና ተሳሳቁ።

«ምን ተባባላችሁ?» አልኩ።

«ማስቲካህን ነው» አሉኝ እትዬ ጥሩ።

ጽጽቃ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንገባ አንዲት ጎረቤት ሕፃኗን ታቅፋ ቄሱ ፊት ቆማለች። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን እያጣፉ ሮጡ። ጎረቤቲቱ አየቻቸውና ገለል አለች።

ቄሱ አፍንጫቸውን ሰበሰቡ። «ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ናፍጣ ነው፣ አባ። መኪናው ተበስቶብን።»

«ሳሙና ሳሙናም ይላል።»

«እሱም አለበት፣ አባ።»

«በይ እንግዲህ፣ ተቀበያት» አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ከልጅቱ ቤት

ዳሱ ውስጥ ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ የማሽላ እንጀራ፣ ጥሩ ጠላ። ሳሙናው እንደያዘ ነው፤ ገብሬ በየመሐሉ እየወጣ ያየዋል። ሰቆጣ ስንመለስ ታንኩን አውርዶ አጥቦ፣ ውሃ ሞልቶ ያስበይደዋል፤ ናፍጣ የነካው ታንክ እንዲሁ በእሳት አይነካም። እኔ ጠግቤ ግድግዳ ተደግፌያለሁ፤ የምፈልገው ነገር የለም።

የቤቱ ሽማግሌ ሊመርቁ ተነሡ። ሕፃኗ አልቅሳ ነበርና ዙሪያቸውን እያዩ ተጣሩ።

«የልጅቱ እናት የት አለች?»

ሁለት ሴቶች ተነሡ።