ጥድፊያና የአረጋውያን ቤቱ ደጋፊዎች

ያ ክረምት ከልቤ አይወጣም። ዝናቡ አያባራ፣ ልብስ አይደርቅ፣ ሰው አይረጋጋ። በአረጋውያን መጦሪያው ልብስ አጣቢ ነበርኩ፤ በየኮሪደሩ የሰቀልኩት አንሶላ ፊቴን እየመታኝ ነው የምመላለሰው። ቤቱን ለብቻቸው ደግፈው ያቆሙት ነጋዴ የሞቱት ያኔ ነው። ልጆቻቸው ከበጋ በኋላ እንደማይቀጥሉ ነገሩን። ሌላ ደጋፊ ካልተገኘ ቤቱ ይዘጋል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ መሄጃ የላቸውም።

አስተባባሪያችን ደጋፊ ፍለጋ መንገድ ጀመረች። ጥድፊያ ነበር የምንላት፤ ተቀምጣ ስትበላ ያያት ሰው የለም። ልብስ ሰፊው ጋ፣ መድኃኒት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ያልረገጠችው ደጅ አልነበረም። ሰዎቹም የቻሉትን ሰጡ።

ነገር የተበላሸው ልታመሰግን ስትዞር ነው። ደስ ይበላቸው ብላ፣ በእናንተ ደግነት ሁሉ ሞልቷል፣ ምንም አልጎደለብን ትላቸዋለች። ከምስጋና ጋር ችግር ማውራት ነውር መስሏት እኮ ነው። እነሱም ተመስገን ብለው ወደ ሌላ ችግረኛ ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ማድቤቱ ጭር አለ።

ወጥ ቤቷ አልማረቻትም። «እስቲ ሞልቷል ያልሽውን ድስት አሳዪኝ፣ እኔም ከሱ ልጭለፍ» አለቻት።

ጥድፊያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ ልብስ ሰፊው ጋ ሄዳ እውነቱን ነገረችው። ሰውዬው ተቀየማት።

«እኔ ባዳ ነኝ እንዴ፣ የቤትሽን ጉድለት የምትደብቂኝ?»

የዚያኑ ቀን ተከትሏት ወደ መጦሪያው መጣ። ከተጧሪዎቹ አልጋ ላይ የዋሉ አንድ የቀድሞ ሾፌር የለበሰውን ሱሪ አይተው፣ አንተ ነህ የሰፋኸው ወይስ ተጣልተኸው ነው ብለው አፌዙበት። በሳምንቱ ሜትሩን ይዞ ተመለሰ፣ ሊለካቸው። ከዚያ ወዲያ ጥድፊያ ከሰው ደጅ መቆሟን ትታ ሰዎቹን ወደ ቤቱ ታመጣቸው ጀመር፤ የጎደለውንም ሳትሸፍን ታሳያቸዋለች። ልብስ ሰፊው ሲቀር ሾፌሩ ይኮርፋሉ፤ ባለወፍጮው ሲታመም ልጁን ይልካል።

ዓመታት አለፉ፣ ቤቱ አልተዘጋም። ሰዉ ሳይጠራ ይመጣል። ጥድፊያ ግን በር ላይ ቆማ ትቁነጠነጣለች። አንድ ቀን አንሶላ እያጣጠፍን፣ «እንግዲህ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ፣ እትዬ?» አለችኝ።

ትንሽ ተቀመጪ አልኳት።

«መቀመጥ ያመኛል።»

በዚያው ሰሞን ሄደች። ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በአንድ የወደብ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ለዓይነ ስውራን ሕፃናት በተከፈተ ቤት እንደምትሠራ ነው።