በቅቤ የታሸ እግር

በሰው እርሻና በሰው በቅሎ የሚቀና ብዙ ነው። እኔ በዚያን ዘመን የቀናሁት በተቆረጠ ክንድ ነበር። ጉዳቱ በእኔ ላይ እንዲደርስ አልተመኘሁም፤ የታላቅ ወንድሜ ጉዳት እንደዚያ በግልጽ የሚታይ በሆነ ብዬ ግን ተመኝቻለሁ። እንዲህ ያለ ምኞት በልቡ ያሳደረ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ በእጄ በገቡት መጻሕፍት ሁሉ ፈልጌ አላገኘሁም።

ክንዱን ያጣው ሰው የጢቾ አገር ልጅ ነው። በቤታችን «የጢቾው» እንለው ነበርና እዚህም እንዲሁ እጠራዋለሁ። ከወንድሜ ጋር በአንድ መርከብ ወደ ኮሪያ ሄደው በአንድ መርከብ ተመልሰዋል፤ የተጎዱትም በአንድ ክረምት ነው። የጢቾውን ቀኝ ክንድ መድፍ ወሰደው። ወንድሜን ደግሞ ምሽግ ውስጥ ሳለ በረዶ እግሩን በላው። ሲመለሱ በአዲስ አበባ የሐኪም ቦርድ ፊት ቀረቡና ለእያንዳንዳቸው የጉዳት ደረጃ ተሰጣቸው። ከባድ ጉዳት የተባለ ሰው ዕድሜ ልኩን ጡረታ ያገኛል፤ መካከለኛ የተባለም መጠኑ ይነስ እንጂ ያገኛል። ቀላል ጉዳት የተባለ ግን አንድ ጊዜ መቋቋሚያ ተሰጥቶት፣ ተመስግኖ፣ ይሰናበታል። የጢቾው ከባድ ተባለ። ወንድሜ ቀላል ተባለ፤ የእግሩ ጣቶች ሁሉ በቦታቸው ነበሩና።

የተሰናበተው ወደ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ነው። ከጧት እስከ ማታ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ጆንያ ይቆጣጠራል። አሰላን የሚያውቅ ሰው፣ የጭላሎ ተራራ ጉም በለበሰበት ወራት የመጋዘን ሲሚንቶ ምን እንደሚመስል ይገባዋል። ብርዱ ሲጠና የወንድሜ እግር ከቁርጭምጭሚት በታች ይሞታል። ማታ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ የሞተው እግር ነፍስ ይዘራና ያንገበግበዋል። ተረከዙ ተሰንጥቆ፣ ቆዳው ጠቁሮ ይላጣል። መንገድ ላይ እግሩ የት እንዳረፈ እንደማያውቅ ሰው ስለሚራመድ ያዩት ሁሉ «ከጠጅ ቤት ነው የሚመጣው» ይላሉ። ወንድሜ ጠጅ አይወድም።

የጢቾው ጡረታውን ሊቀበል ወደ አሰላ በመጣ ቁጥር ግን የታጠፈችው እጅጌው ትቀድመዋለች። የጭነት መኪናው ሾፌር ሌላውን ተሳፋሪ ከእህሉ ላይ አስቀምጦ እሱን ጋቢና ያስገባዋል። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ተነሥቶ እጅ ይነሳዋል። በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ሽማግሌዎች መቀመጫ ይለቁለታል። አንድ ጊዜ ወንድሜና እሱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ከኋላቸው ነበርሁ። ሰላምታው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል፣ የወንድሜን እግር ደግሞ ሰዎች በፈገግታ ሲመለከቱ አየሁ። የዚያን ዕለት ቅናት በሆዴ ውስጥ እንደ ጥሬ እህል ሳይፈጭ አደረ።

የጢቾው በአሰላ የሚያርፈው እኛ ዘንድ ነበር። ሙስሊም ስለ ሆነ እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበላም፤ እናቴም እንግዳ እያየ ሥጋ መብላት ነውር ነው ትላለች። ስለዚህ የጢቾው ካለ ቤቱ በሙሉ ሽሮ ይበላል። እኔ በፋሲካ ሳምንት ሽሮ የበላሁ ክርስቲያን ነኝ። ከገበታው በግራ እጁ መብላት ስለሚያሳፍረው ወንድሜ ያጎርሰዋል፤ እሱም ሳያፍር አፉን ይከፍታል። ወንድሜ እኔን አጉርሶኝ አያውቅም፤ ወይም አጉርሶኝ ረስቼዋለሁ። የሚጫወቱት አንዳንድ ጊዜ በኦሮምኛ፣ አንዳንድ ጊዜ ከኮሪያ ይዘው በመጡት ጥቂት ቃል ነው። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ የዚያኛውን አገር ቋንቋ ደግሞ በአሰላ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ደረጃችን ይሻሻልልን ያሉ ዘማቾችን የሚያይ ቦርድ ኅዳር ላይ ወደ አሰላ እንደሚመጣ በተነገረ ጊዜ የወንድሜን ማመልከቻ የጻፍሁት የቤቱ ተማሪ እኔ ነኝ። እንዲያም ሆኖ ምስክር መሆን አልቻልሁም። የሥጋ ዘመድ አይመሰክርም፤ አብሮ የዘመተ ጓድ ይምጣ ተባለ። ስለዚህ የጢቾው ተጠራ። ቦርዱ ከመቀመጡ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ደረሰና ቤታችን ውስጥ የሚደረገውን አየ።

እናቴ የወንድሜን እግር በጨው ውኃ እየዘፈዘፈች፣ ለጋ ቅቤ እየቀባች፣ በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። ከመጋዘኑም ፈቃድ አስጠይቃ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣዋለች።

የጢቾው በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ ተመለከተ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«የማደርገውን አታይም? ከመንግሥት ሰው ፊት ሊቀርብ አይደለም እንዴ?»

«ሊቀርብማ ነው። ይህን ቅቤ ይተዉት። እንዳለ ይሂድ።»

«በዚህ ተረከዝ? በዚህ ተረከዝ ቢያዩት እናት የለውም ነው የሚሉት።»

«ወላሂ፣ እናት የለውም ቢሉ ነው የሚሻለው። የኔን እጅ ማንም ቅቤ ሊቀባት አልቻለም፤ ኮሪያ ቀርታለች። ስለዚህ ከባድ አሉኝ። የሱን ግን እርስዎ እያዳኑብን ነው።»

«ልጄን አቆሽሼ ለልመና አልሰድም፤ ይልቅ ግባና ቁጭ በል» አለች እናቴ።

ወንድሜም ለእሷ ፈረደ። «ወታደር ለአለቃ የሚቀርበው ተላጭቶ፣ ጫማውን ቦርሾ ነው። አንተም ታውቀዋለህ» አለው። የጢቾው በኦሮምኛ አንድ ነገር መለሰለትና ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለ ወንድሜን ብጠይቀው «ተወው፣ በአማርኛ አያስቅም» አለኝ። በልቤ ግን፣ ሰውዬው ወንድሜን አጎሳቁሎ ከጎኑ ሊያቆምና ራሱ ደምቆ ሊታይ ይፈልጋል ብዬ ደመደምሁ። ቅናት ያለው ሰው ለሚያየው ነገር ሁሉ ትርጓሜ አያጣም።

ቦርዱ የተቀመጠው በአንድ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ነው። ሰብሳቢው ጠጉራቸው የሸበተ ሻለቃ ነበሩ፤ ሐኪሙ አማርኛ በመልመድ ላይ ያለ የውጭ አገር ሰው። የወንድሜ ተራ የደረሰው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ባጋለችበት ሰዓት ነው። ኒሻኑን አንጠልጥሎ፣ ከወገቡ ቀጥ ብሎ ገባ። ሰላምታ ሲሰጥ ተረከዞቹን ያጋጨበት ድምፅ እኔ ከቆምሁበት ደጃፍ ድረስ ተሰማ። ጫማውን አውልቅ ሲባል አወለቀ።

ሐኪሙ እግሮቹን በሁለት እጁ እያገላበጠ አየ። ቆዳው ለስልሶ፣ ስንጥቁ ገጥሞ፣ ያ ጥቁረት በቅቤው ወዝ ተሸፍኗል። እንዲያ ያማረ እግር በአሰላ የነበረ አይመስለኝም።

«ጥሩ እግር ነው» አለ ሐኪሙ። «በጣም ጥሩ እግር። ብዙ ሰው እንዲህ እግር የለውም።»

«ያምሃል?» ሲሉ ሻለቃው ጠየቁት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌታዬ» አለ ወንድሜ። ያን ጊዜ አላመመውም፤ ያላመመውን አመመኝ ማለት ደግሞ አይችልበትም።

ሻለቃው ብዕራቸውን አነሡ። ቀላል የሚለው ቃል ሊጸና መሆኑን ከደጃፍ ሆኜ አወቅሁ። ወንድሜም አውቆታል፤ ጀርባው ግን ቀጥ እንዳለ ነበር። በዚህ ጊዜ በምስክሮች ወንበር የተቀመጠው የጢቾው ተነሣ።

«ሻለቃ፣ ይህ እግር ከሰዓት በኋላ የሚታይ እግር አይደለም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የኔ ጉዳት ሁልጊዜ አለ፤ ጧትም ማታም ያዩታል። የሱ ግን ብርድ ሲመጣ የሚመጣ፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚደበቅ ነው። እናቱ ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ በቅቤ አሽተውታል፤ በሚገባ ይሸታል፣ ሐኪሙ ያሽቱት። ነገ ጧት በውርጭ ይዩትና ከዚያ የፈለጉትን ይጻፉ።»

ሐኪሙ ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ሳቀ። ሻለቃው አልሳቁም። «ነገ ወደ አዲስ አበባ ተመላሾች ነን» አሉ፤ ብዕራቸውን መልሰው አስቀምጠው ግን «ከመነሣታችን በፊት ይምጣ» ሲሉ ጨመሩ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ደረስን። የግቢው ሣር ውርጭ ይዞ ነጭቶ ነበር። ወንድሜ ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ ሣሩ ላይ ቆመ። ሐኪሙ ካፖርቱን ተከናንቦ፣ የጤነኛ እግር በዚህ ብርድ ምን እንደሚሆን ማየት እንደሚፈልግ በምልክት ጭምር አስረዳ። ሰባራ አማርኛው አልቆ እኔ እሺ ከማለቴ በፊት የጢቾው የጫማውን ክር በአንድ እጁና በጥርሱ ፈትቶ ከወንድሜ አጠገብ ቆሞ ነበር። እኔም እግር ነበረኝ። እግሬ ጤነኛ ነበር፤ ከዚያ ቦታ ለመቆም ከእኔ የሚቀርብ የሥጋ ዘመድም አልነበረውም። ሐኪሙ ግን ሁለት ሰው በቃው።

የጢቾው እግር ጥቂት ቆይቶ ቀላ። ሰውዬው መንዘፍዘፍና መሳደብ ጀመረ። «ይህን ብርድ ሸሽተን አልነበር እንዴ የመጣነው? አንተ ሰው፣ ዳግመኛ አዘመትኸኝ» ይለው ነበር። የወንድሜ እግር ግን መጀመሪያ ነጣ፤ የሰም ንጣት እንጂ የሰው አልነበረም። ቀጥሎ ከጣቶቹ ጫፍ ወደ ላይ ሰማያዊ፣ እየቆየም ጥቁር ሆነ። በቅቤ የገጠመው ስንጥቅ ተከፈተ። ሐኪሙ ተንበርክኮ ተረከዙን በመርፌ ወጋው።

«ታመመ?»

«ምኑ?» አለ ወንድሜ። ዓይኖቹ ገና ከጭላሎ ትከሻ ልትወጣ የነበረችውን ፀሐይ ያያሉ።

ሐኪሙ ሌላ ቦታ ወጋ፤ ሌላም ወጋ። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብተው ከከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጡት። ያን ጊዜ እግሩ ነፍስ መዝራት ጀመረ። ወንድሜ ከንፈሩን ነክሶ ቆየና፣ እቤት ውስጥ በእናቴ ፊት አሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ አሰማ። የጢቾው በግራ እጁ ማጅራቱን ይዞ በኦሮምኛ ያባብለው ነበር። «አይዞህ» ማለቱን ተረዳሁ፤ የቀረው አልገባኝም። እኔ የግድግዳውን ልስን አይ ነበር።

ሻለቃው የጻፉትን ቆመው አነበቡ። መካከለኛ ጉዳት፣ ከጡረታ ጋር። ወንድሜ በባዶ እግሩ ሊነሣ ሲሞክር «ተቀመጥ» አሉት፤ ሰላምታውን ተቀምጦ እንዲሰጥ ፈቀዱለት።

«ሻለቃ፣ ከኔ ከባዱ ላይ ጥቂት ቀንሰው ለሱ ቢጨምሩለትስ?» አለ የጢቾው።

«ውጣ አንተ፣ ሳልቀንስብህ» አሉት። በዚያን ጊዜ ሻለቃውም ሳቁ።

እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ስላለው በጨርቅ ጠቅልለንለት ወጣን። እኔ ወንድሜን ልደግፍ ብጠጋ የጢቾው ትከሻውን ቀድሞ አቅርቦለት ኖሮ፣ ወንድሜ በእሱ ላይ ተደግፎ መንገድ ጀምሯል። ስለዚህ ጫማዎቹን ያዝሁ። ከሲሚንቶው ሊያወጣው የሚችለውን ደረጃ በማግኘቱ የተሰማኝ ደስታ እውነተኛ ነበር፤ ማንም በአሰላ ከእኔ የበለጠ አልተደሰተም። ነገር ግን ሁለቱ ከፊቴ እያነከሱና እየተንገዳገዱ፣ በማላውቀው ቋንቋ አንዱ ያንዱን ቃል እየነጠቀ ሲሳሳቁ ስሰማ፣ ከደስታዬ ጋር ያ ሌላው ነገር አብሮኝ ይራመድ ነበር። በክንዱ መቅናቴን ትቻለሁ። ያ ሰው ክንድ ባይጎድለውም ኖሮ እቀናበት ነበር።

ወንድሜ ከገበያው አቅራቢያ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ዞረ።

«ከበደህ እንዴ? ለሱ ስጠው፤ እጁ ባዶ ነው።»

የጢቾው እጁን ዘረጋልኝ። «አምጣ፣ ተማሪው» አለ።

«አልከበደኝም» አልሁና ጫማዎቹን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።