የሽመላዋ ሦስተኛ ላባ

ሚስተር ቲን ላባዋን አይተዋት ነበር ወይስ አላዩዋትም?

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ሆሊውድ የደንበኞችን መኪና ፓርክ የማድረግ ሥራዬን ትቼ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከአንድ የሐበሻ በርበሬ መደብር ጀርባ ያለ ወርክሾፕ ገባሁ። ባለቤቱ ሚስተር ቲን ቬትናማዊ ነበሩ፤ የሚያብረቀርቅ የባሕር ዛጎል በስሱ ቆርጠው እንጨት ላይ እያጣበቁ ወፍና አበባ ይሠሩ ነበር። ከዛፍ ሙጫ የተሠራ ጥቁር ቀለም ሁሉንም ይሸፍነዋል። ሲደርቅ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈግና ዛጎሉ ከሥር ብቅ ይላል። እኔ የተቀጠርኩት ለመፈግፈግ ነው።

«ማሳመር ያንቺ ሥራ አይደለም» አሉኝ። «ፈልጊው፤ ስታገኚው አቁሚ።»

የበርበሬ መደብሩ ባለቤት እትዬ ዘነበች በአርባ ዓመቴ ኮሌጅ መጨረሴን ያውቃሉ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይጠብቁኛል።

«አንቺ፣ ያን ሁሉ ተምረሽ ዛጎል ታጥቢያለሽ?»

«እፈገፍጋለሁ እንጂ አላጥብም፣ እትዬ።»

«ኦኬ፣ ይቅርታ፣ ዶክተር!»

በሁለተኛው ዓመት ሚስተር ቲን የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን አድርገው ሁለት ሳምንት ቤት ዋሉ። ወይዘሮ ላን የሚባሉ ደንበኛ ከእናታቸው የወረሱትን፣ ሥዕሉ በእርጅና ጠቁሮ የማይታይ ቁምሳጥን ለእድሳት አምጥተው ነበር፤ አዲሱ ቀለም ደርቆ ፍግፈጋው ብቻ ቀርቷል። በሩ ላይ በተሠራችው ሽመላ ክንፍ ላይ ዛጎሉን አገኘሁት፤ ግን አላቆምኩም። ሦስተኛዋ ላባ ሳሳች፣ ሳሳችና እንጨቱ ታየ።

ለሚስተር ቲን ልደውል ስልኩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ከትርፍራፊው ዛጎል በቀጭኑ መጋዝ አዲስ ላባ ቆረጥኩ፣ ቦታዋን በመሮ አጸዳሁ፣ አጣበቅኳት፣ ቀለም ደረብኩ፣ ሲደርቅ ፈገፈግኩ። ልኳ ልክ ነው። ዛጎል ግን አቅጣጫ አለው፤ ሲዞር ቀለሙ ይለወጣል፤ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። በመስኮቱ ብርሃን ሌሎቹ ላባዎች አረንጓዴ ሲሆኑ የእኔዋ ሮዝ ሆነች።

ሚስተር ቲን ሲመለሱ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በክንፉ ላይ አሳለፉ። ሦስተኛዋ ላይ ቆም ያሉ መሰለኝ።

«ከነገ ጀምሮ ዛጎል ትቆርጫለሽ» አሉ።

እድገቴን ያገኘሁት በዚያች ላባ ነው። በማግስቱ ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ነገር ዛጎልን ከመቁረጥ በፊት ብርሃን ላይ ማዞር ነበር። ምናልባት ማንንም ሲያስተምሩ ከዚያ ይጀምሩ ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠራን፤ ምሳቸውን ሁልጊዜ ለሁለት ከፍለው ይሰጡኝ ነበር። ስለ ላባዋ ግን አልጠየቅኳቸውም። አምና ዐረፉ። መጋዛቸው እኔ ጋ ነው።

ዘንድሮ ወይዘሮ ላን የበሩ ማጠፊያ ላልቶባቸው ያንኑ ቁምሳጥን አመጡ። ማጠፊያውን ከማየቴ በፊት ነገርኳቸው።

«የሽመላዋን ሦስተኛ ላባ እኔ አጥፍቼያት ነበር። ሌላ ተክቼ ዝም አልኩ።»

መነጽራቸውን አደረጉና ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ አዘነበሉ።

«ሮዟን?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ! እናቴ ሆን ብላ ያሠራቻት መስሎኝ ለልጅ ልጆቼ ሁሉ ሳሳይ ኖሬያለሁ እኮ!» መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ምን ትቆሚያለሽ? አስተካክያት።»

ያን ቀን ከሰዓት ሮዟን አወጣኋትና ብርሃን ላይ አዙሬ የቆረጥኳትን አረንጓዴ ላባ ተካሁ። ወርክሾፑ ለሚመጡ ጀማሪዎች የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ዛጎሉን ከመቁረጣችሁ በፊት ብርሃን ላይ አዙሩት። ካበላሻችሁ ደግሞ አለቃችሁ በሕይወት ሳሉ ንገሯቸው።